ሰውየዋ

ካሳነሽን ለዓመታት ያንገበገባት ቃል አንድ ነው። «አንተ» የሚባል ቃል።

ስድብ ቢሆንማ መልሳ ተሳድባ ትገላገለው ነበር። ችግሩ ስድብ ነው ብትል የሚያምናት የለም። ጋሼ አቢሶ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ ልጇን ፅናትን «አንተ» እያለ ነው የሚጠራት። «አንተ፣ ና እስቲ!» «አንተ ረጅሙ፣ ውሃ አምጣልኝ!» ይልና ይስቃል። አብረውት የተቀመጡትም ይስቃሉ። የካሳነሽ ፊት ሲጠቁር ያየ እንደሆነ ደግሞ፣ «ምነው ካሳነሽ፣ ቁልምጫ እኮ ነው! ሴት ልጅ ስትወደድ አንተ አይደል የምትባለው?» ይላታል። መባሉስ ይባላል። ባሏ ማናሴም ፅናትን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «አንተ የኔ ጌታ» እያለ ያጫውታት ነበር። ቁልምጫ ምን እንደሚመስል ካሳነሽ ጠፍቷት አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው ማናሴ የሞተ ጊዜ ነው። ማናሴ ጆበርግ አጠገብ ጻካኔ በሚባል ሰፈር በነበረው የአቢሶ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲሸጥ ሌቦች በጥይት ገደሉት። አስከሬኑ ወደ አገር ከመላኩ በፊት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጡ። ፅናት ያኔ ገና ልጅ ናት፤ ቁመቷ ግን ከእናቷ ትከሻ አልፏል። አቢሶ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ራሱን ነቀነቀና ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሄደ። ይሄ ቁመት ለሴት ምን ያደርጋል? በል እንግዲህ አንተ፣ ከዛሬ ጀምሮ የወንድሜ ወንድ ልጅ አንተ ነህ» አለ። ለቀስተኛው በእንባው መሀል ፈገግ አለ። ካሳነሽ የባሏን ሞት ለመልመድ ሞክራለች። ያንን ፈገግታ ግን አልለመደችውም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ይሄኛውን ለሰው ለማስረዳት ሞክራ ሞክራ ትታዋለች። ካሳነሽ ትምህርቷ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። አማርኛም የአፍ መፍቻዋ አይደለም። ከዱራሜ ወጥታ አዲስ አበባ ሰው ቤት የተቀጠረች ሰሞን እመቤቲቱን «መጣህ?»፣ ባልየውን «ደህና ነሽ?» እያለች ስንት ጊዜ ተስቆባታል፤ አንዴም በጥፊ ተመትታለች። በከምባትኛ ሰውን ፊት ለፊት ስታናግረው ወንድም ሆነ ሴት ቃሉ አንድ ነው፤ አንተና አንቺ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ይህን መለየት በመከራ ነው የተማረችው። አቢሶም የዚያው አገር ሰው ነው። ከወዳጆቹ ጋር ከምባትኛውን ሲያንበለብለው ይቆይና ልክ ፅናት ብቅ ስትል ወደ አማርኛ ይዞራል። ለምን ይዞራል? በከምባትኛማ አንተ ሊላት አይችልማ! ልጅቷን ለማዋረድ ሲል የሰው ቋንቋ ይዋሳል። እሷ ሳታውቅ ስትሳሳት መሃይም ተባለች፤ እሱ አውቆ ሲያጠፋ ቁልምጫ ተባለለት። ፍርድ ማለት ይሄ ነው?

ምግብ ቤቷ ጆበርግ መሀል፣ ሐበሻ በሚነግድበት ጀፕ በሚባል መንገድ ላይ ነው፤ ከብርድ ልብስና ከጫማ ጅምላ ሱቆች በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ከሞተ ቆይቷል። ከየታውንሺፑ፣ ከከተማ ዳር ካሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ዕቃ ሊጭኑ የሚመጡ ባለስፓዛዎች፣ የሰፈር ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች፣ ታክሲያቸው እስኪሞላ ድረስ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ይበላሉ። ለፎቁ ባለቤት ዋስ ሆኖ ቤቱን ያስከራያት አቢሶ ነው፤ ይህንንም በየደረሰበት ይናገረዋል። ካሳነሽ ጥርሷን ነክሳ የኖረችው ለዚህ ነው። «ጋሼ፣ ይብሉ። ጋሼ፣ ይጠጡ።» ከዚያ ወጥ ቤት ትገባና ድስቱን እንደ ጠላት ታንኳኳዋለች።

ላትሪስ የመጣችው በፈረንጆቹ 2012፣ የጆበርግ ብርድ አጥንት በሚሰረስርበት ወር ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ኮፍያ ያለው ሹራብ የለበሰ ጥቁር ሰው የበሩን ጉበን ላለመግጨት ጎንበስ ብሎ ገባና ጥግ ላይ ተቀመጠ። አስተናጋጇ አስካለች በምታውቃት ጥቂት ዙሉ፣ «ሳውቦና ቡቲ!» አለችው፤ ደህና ዋልክ ወንድሜ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት መጥታ፣ «እትዬ ካሳነሽ፣ ግንድ የሚያክል ሰውዬ መጥቷል። ክትፎውን ጫን አድርጊለት» አለች። ካሳነሽ አጮልቃ አየች፤ እውነትም ግንድ ነው። ጫን አደረገች።

ሰውየው አፉን ከፍቶ ሲያመሰግን የወጣው የሴት ድምፅ ነበር። አስካለች ደንግጣ አፏን ያዘች።

በዚያው ቅጽበት ፅናት ከትምህርት ቤት ገባችና ቦርሳዋን በሩ ላይ ጣለችው።

«እማ! እማ፣ ይቺ እኮ ላትሪስ ናት!»

«የማን ላትሪስ?»

«የአሜሪካኗ! አዲሱ የሴቶች ክለብ ያስመጣት! ሰፈራችን አዳራሽ ውስጥ ስትለማመድ በመስኮት አይቻታለሁ!»

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ተጫዋች ናት።»

«ጨዋታ አዋቂ መሆኗ ጥሩ ነው፤ ሥራዋን ነው የጠየቅሁሽ።»

ፅናት ሳቋን እየታገለች ነገሩን አስረዳቻት፤ ጨዋታው ራሱ ሥራ ነው፣ ቅርጫት ኳስ ነው፣ ደመወዝ ይከፈልበታል። ካሳነሽ ብዙም አልገባት። ፅናት ራሷ ትምህርት ቤት ቁምጣ ለብሳ እንደምትጫወት ታውቃለች፤ ከአቢሶ ደብቃላት ነው። የልጅ ነገር ነው፣ ያልፍላታል እያለች ነበር። አንዲት አዋቂ ሴት በዚህ እንጀራ ትበላለች ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ላትሪስ ቤተኛ ሆነች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው ስር አልገባላት ስላለ ወጥ ቤት ገብታ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ነው የምትቀመጠው። ቢላዋ ተቀብላ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። አማርኛም መልቀም ጀመረች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ብቻ ናቸውና የለቀመችው ሁሉ የሴት ነው፤ ነይ፣ ብዪ፣ ተይ፣ እንዴት ነሽ። ካሳነሽ ታርማት አልነበረም። እንዲያውም ደስ ይላት ነበር፤ ሰው ሁሉ ሴት የሆነበት አማርኛ ሰምታ አታውቅም።

ሽንኩርቱ ሲያልቅ ሕይወቷን ታወራለች፣ ፅናት ታስተረጉማለች። ያደገችው አላባማ የሚባል አገር ገጠር ነው። እናቷ ዶሮ የሚበለትበት ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ኮሌጅ ያስገባት ኳሱ ነው። እሷ ስትጫወት አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር፤ ትንንሽ ልጆች የእሷን ቁጥር ለብሰው ይመጡ ነበር። ግን ለኮሌጁ ፖስተር ፎቶ ልትነሳ ስትሄድ ከንፈሯን ቀለም ቀቡት፣ ቀሚስ አለበሷት፣ ባለተረከዝ ጫማ አምጥተው አድርጊ አሏት።

«ምነው? ኳስ በተረከዝ ይጫወታሉ እንዴ?» አለች ካሳነሽ።

«ሰው ሴት መሆንሽን እንዲያውቅ ነው አሉኝ። በኔ ልክ ጫማ ስላልተገኘ ግማሽ እግሬ ውጭ እያለ ነው የተነሳሁት።»

ካሳነሽ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሰው ሊያይሽ ገንዘብ ከፍሎ ገብቶ፣ ሴት መሆንሽን በጫማ ነው የሚያውቀው?»

ኮሌጁ ካለቀ በኋላ ያለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በአገሯ ለሴት ተጫዋች ያለው ቦታ ጥቂት ነው። አንድ ክለብ ለሙከራ ወሰዳትና ውድድሩ ሳይጀመር ሸኛት። ከዚያ ሁሉ ካጨበጨበላት ሕዝብ የት እንደሄደች የጠየቀ የለም። ከዚያ ባሕር ማዶ ወጣች። ፖላንድ፣ ሮማኒያ፣ ቱርክ፣ ፊንላንድ። ዓመት በመጣ ቁጥር ሌላ ከተማ፣ ሌላ አሠልጣኝ፣ ሌላ ሰው የተኛበት ፍራሽ። አንዱ ክለብ ሰኞ ሰኞ እንደ ከብት እያሰለፈ ይመዝናቸው ነበር። በሌላው ደግሞ ሜዳ ላይ ጣቷ ተሰበረ፤ ሐኪም ቤት ይወስዱኛል ብላ መኪና ውስጥ ስትገባ የወሰዷት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። እዚያው አስቀምጠዋት ተመለሱ።

«ጣትሽ እንደተሰበረ?»

ላትሪስ ጣቷን አሳየቻት፤ ተወላግዶ ነው የዳነው።

«የተመልካቹ ጩኸት ይብስ ነበር» አለች። «በየሄድኩበት አገር መጀመሪያ የተማርኩት ቃል አንድ ነው፤ ወንድ። ሲጮኹብኝ እሰማና ማታ ለጓደኞቼ ምን ማለት ነው እላቸዋለሁ። ዳቦና ውሃ ማለት ሳልችል እሱን አውቀዋለሁ።»

«አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

«አገባሁባቸው።»

«ማግባት መልስ አይደለም!» አለች ካሳነሽ። ቁጣዋ ለማን እንደሆነ ራሷም አልለየችውም። «አፍ የለሽም?»

«ማማ ካሳ፣ በምን ቋንቋ? መልስ ለመስጠት የሚበቃኝን ያህል ሳውቅ ውድድሩ አልቆ ሻንጣ እይዛለሁ።»

ካሳነሽ የዚያን ቀን ጥብሱን አሳረረችው።

አቢሶ ላትሪስን ያያት በአንድ እሑድ ነው። ደረጃው ላይ ተላለፉ። እሱ ቀና ብሎ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ተያዩ። ሲገባ አስካለችን፣ «ያቺ ማናት? ወይስ ማነው ልበል?» አላት። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ትንሽ አሰበና፣ «ሰውየው እንዳልል ቀሚስ ሊኖራት ይችላል፤ ሴትየዋ እንዳልል ዓይን አለኝ። ሰውየዋ ብንላትስ?» አለ።

ሰውየዋ! ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። በሳምንቱ ጀፕ በሙሉ ይህንኑ ያወራል። ብርድ ልብስ ሻጩ፣ ታክሲ ጫኙ፣ ጫማ ደርዳሪው ሁሉ፣ «ሰውየዋ መጣች! ሰውየዋ ዛሬ አልወጣችም?» ይላል። ላትሪስ ስትሰማው ስሟ መሰላት። እጇን አውለብልባ ታልፋለች። አንድ ቀን ፅናትን፣ «ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ፅናት ቀላች። «ትልቅ ሰው ማለት ነው። የተከበረ ሰው» አለቻት።

ምን ታድርግ ልጅቷ? እውነቱን ልትነግራት? አንተ ስትባል ላደገች ልጅ ያንን ቃል መተርጎም ራስን መተርጎም ነው። ካሳነሽ ግን ይህን ውሸት አላወቀችም ነበር። ቢነገራት ኖሮ በሚቀጥለው እሑድ የሆነው ነገር አይሆንም ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ቤቱ ሞላ። አቢሶ ከጓደኞቹ ጋር መሀል ጠረጴዛውን ይዟል። አስካለች የሚያግዛት ሰው ስላጣች ላትሪስ ትሪ ተሸክማ ወጣች። ሁሉም ዞሮ ሲያያት እንግዳ አክባሪ መስሏት ትሪውን አስቀመጠች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ፈገግ አለችና፣

«እኔ ሰውየዋ ነኝ!» አለች።

ቤቱ ፈነዳ። ሰው ከወንበር ወደቀ። አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሌላው ዓይኑን ይጠርጋል። ላትሪስም አብራ ሳቀች፤ አቀባበሉ ሞቅ ያለ መስሏታል። ካሳነሽ በወጥ ቤቱ መስኮት ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ጭልፋውን ይዛ ልትወጣ አንድ እርምጃ ስትቀራት ላትሪስ ወደ አቢሶ ዞረች። ሽማግሌ መሆኑን አውቃለች፤ ልታከብረው ነው። እንደ አገሩ ሰው ጎንበስ ብላ፣ በወጥ ቤቱ አማርኛ፣

«ጋሼ አቢሶ፣ እንዴት ነሽ? ነይ ብዪ! አታፍሪ!» አለችው።

አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ ባለስፓዛ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተዛመተ፤ አሁን ግን አቅጣጫው ተቀይሯል። የአቢሶ ጆሮ ፍም መሰለ። ብድግ አለ።

«ምን አለችኝ? ማንን ነው አንቺ የምትለው?»

ካሳነሽ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች። «ምነው ጋሼ፣ ቁልምጫ እኮ ነው!»

አቢሶ አንድ ጉርሻ ሳይጎርስ ኮቱን አንስቶ ወጣ። የእሱን ሙሉ ትሪ ባለስፓዛው ወሰደው።

ድል ይመስላል፤ አልነበረም። ላትሪስ ወጥ ቤት ገብታ ፅናትን በዝግታ፣ «አሁን ንገሪኝ። ቃሉ ምን ማለት ነው?» አለቻት። ፅናት መሬት መሬት እያየች ነገረቻት። ላትሪስ፣ «እ። እዚህም ደረሰብኝ ማለት ነው» ብላ ሹራቧን ለበሰች። ኮፍያውን አደረገችና ወጣች። ከዚያ በኋላ ጆንያው ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ካሳነሽ ልጇን ልትቆጣ ፈልጋ ተወችው። ፅናትን ያስዋሻት ማን ሆነና!

ላትሪስ ተመልሳ ስትመጣ ወሬ ይዛ ነው። የክለቡ ባለቤት ኳስ ሰልችቶት ወደ ሌላ ንግድ ዞሯል፤ ክለቡ ሊዘጋ ነው። እሷም ትሄዳለች። ወዴት እንደሆነ ገና አልታወቀም።

«ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልጨርስ» አለች፣ በፅናት አስተርጓሚነት። «ፕሪቶሪያ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ጥሩ የሚጫወቱ ሴት ልጆችን ያለ ክፍያ ያስተምራል። አሠልጣኟን አውቃታለሁ። ቅዳሜ ፈተና አላቸው። እናት ወይም አባት አብሮ መገኘት አለበት።»

ፅናት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ደጋግማ አስተረጎመችው። ካሳነሽ ልጇን አላየቻትም፤ ላትሪስን ነው ያየችው። ጣቷን፣ ጉልበቷ ላይ የጠመጠመችውን ፋሻ።

«ልጄ እንደ አንቺ በየአገሩ ሻንጣ ስትጎትት እንድትኖር ነው?»

«አልዋሽሽም፤ ሊሆን ይችላል። ግን ኳሱ ባይኖር እኔም እንደ እናቴ ዶሮ ስበልት ነበር የምገኘው። ደግሞ ሌላ ቦታ ሁሉ በዚህ ቁመቴ ይቅርታ እንደጠየቅሁ ነው የምኖረው። ሜዳ ውስጥ ግን ይፈለጋል።»

«አስብበታለሁ» አለች ካሳነሽ። ስታስብበትም ሌሊቱን አልተኛችም። አቢሶ ምን ይላል? ዋስትናውን ቢያነሳስ? ሰርጉን፣ ልደቱን፣ የጉባኤውን ምሳ ሌላ ቤት ቢያዞረውስ? ባል የሌላት ሴት በሰው አገር ዋርሳዋን ተጣልታ የት ትደርሳለች?

መልሱን አቢሶ ራሱ ይዞላት መጣ። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ገባ። አንዱ ኤርጎጌ የሚባል ጫማ ነጋዴ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው። ሌላው ቶኮዛ በሚባል ታውንሺፕ ያለው የአቢሶ የንግድ ሸሪክ ነው። ክትፎና ጥብስ በአንድ ትልቅ ትሪ አዘዙ። ታጠቡ፣ ጸለዩ፣ መጉረስ ጀመሩ፤ ካሳነሽንም አስጠሯት።

«ካሳነሽ፣ ስለዚያ ልጅ ተነጋግረን ጨርሰናል» አለ አቢሶ።

«ከማን ጋር ጋሼ?»

«ከሽማግሌዎቹ ጋር ነዋ።»

«እናቲቱ ሳልኖር?»

«ይኸው አሁን አለሽ አይደል እንዴ!»

ኤርጎጌ ጣልቃ ገባ። «እህቴ፣ ለሰላም ነው የመጣነው። እስቲ ስሚው።»

«ያቺ ሰውየዋ እዚህ ደጅ ሁለተኛ እንዳትደርስ» አለ አቢሶ እየጎረሰ። «ትምህርቱም ይብቃ። ቁምጣ ታጥቆ ሲዘል ያዩት ሰዎች ነግረውኛል። ከዚህ በኋላ ሥራ ይልመድ። ቶኮዛ ያለው ሱቃችን ሰው አጥቷል፤ የነበረው ሻጭ ፈርቶ ጥሎን ሄደ። እዚያ ይግባ።»

ካሳነሽ የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። «ምኑን ፈርቶ?»

«ሌባ ነዋ» አለ የቶኮዛው ሰው። «ሁለቴ ገቡብን።»

«እና ልጄን ሌባ የሚገባበት ሱቅ?»

«ለዚያ እኮ ነው!» አቢሶ ሳቀ። «ያ ቁመት ያለደመወዝ ዘበኛ ነው። ከፍርግርጉ ጀርባ ኮፍያ አድርጎ ቢቆም ማን ሴት ነው ይላል? ሌባው ራሱ ይሸሻል!»

የአቢሶ ልጅ ሰሎሜ ከፅናት ጋር እኩያ ናት። ከተማ ውስጥ የግል ትምህርት ቤት ትማራለች፣ አባቷ በመኪና ያመላልሳታል።

«ሰሎሜስ?» አለች ካሳነሽ። «ሱቁ የእርስዎ ነው። ሰሎሜ ለምን አትገባበትም?»

አቢሶ ጉርሻውን እንደያዘ ቀና አለ። ጥያቄው እንዲያውም አስገረመው።

«ሰሎሜማ ሴት ልጅ ናት!»

ኤርጎጌ ማላመጡን አቆመ። የቶኮዛው ሰው ትሪው ላይ አቀረቀረ። አቢሶ ብቻ ነው ምን እንዳለ ያልሰማው።

ካሳነሽ ግን ሰማች። ያ ሁሉ ዓመት የቆጠቆጣት፣ ለሰው ማስረዳት ያቃታት ነገር ይኸው በገዛ አፉ ተፈታላት። ለካ ቃሉ ስድብ ብቻ አልነበረም፤ መንገድ ሲጠርግ ነው የኖረው። ልጅቷን አንተ፣ አንተ እያለ፣ ሰውንም አብሮ እያሳቀ ያለማመደው ለዚህ ነው። የራሱ ሴት ልጅ የማትቆምበት ቦታ፣ ማናሴ የወደቀበት ዓይነት ፍርግርግ ጀርባ፣ የእሷን ሴት ልጅ ሊያቆማት ነው። ብትሞትበት እንኳ ሴት ልጅ አስገደለ አይባልም። አብሯቸው የሳቀ ሁሉ አስቀድሞ ፈርሞለታል።

አቢሶ ነገሩ ያለቀ መስሎት ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞረ። «አንተ! ፅናት! ና እስቲ፣ ለእናትህ ንገራት!»

ፅናት እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ብቅ አለች። እናቷን አየች። ካሳነሽ በዚያ ፊት ላይ ፍርሃት የምታይ መስሏት ነበር፤ ያየችው ግን ፍርሃት አልነበረም። ልጅቷ ከመጀመሪያውኑ እናቴ ዝም ትላለች ብላ ተስፋ የቆረጠች ትመስላለች። ይሄ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

ጎንበስ አለችና ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው።

የሰው ገበታ፣ ያውም የሽማግሌ፣ ያውም ተጸልዮበት፣ እጅ ገብቶበት! አስካለች «ውይ በሞትኩት!» አለች። የቶኮዛው ሰው የያዘው ጉርሻ አፉ አጠገብ ቀረ። የጥብሱ መረቅ በትሪው ጠርዝ ፈስሶ የአቢሶን ሱሪ ነካው።

«ካሳነሽ! አብደሻል?»

«አላበድኩም ጋሼ። እንዲያውም ዛሬ ነው የዳንኩት።»

«ማንን እየደፈርሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይሄን ቤት ማን እንደሰጠሽ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ዛሬውኑ ለባለፎቁ ዋስ አይደለሁም ይበሉት። ድስቴን ይዤ እወጣለሁ፤ ጀፕ ላይ ፎቅ ሞልቷል።» ትሪው ከብዷታል፤ ግን አላስቀመጠችውም። «ባሌን ጻካኔ አስቆሙት፣ ሬሳውን ሰጡኝ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ልጄን በአማርኛ ወንድ አደረጓት፤ ቁልምጫ ነው አሉኝ፣ ይሄንንም ዋጥኩት። ቶኮዛን ግን አልውጥም። ልጄ ሴት ናት። የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ያየኋት እኔ ነኝ። ሱቁ ወንድ ከፈለገ እርስዎ ይግቡበት።»

«ሽማግሌ ፊት እንዲህ ይባላል? ኤርጎጌ፣ ትሰማለህ?»

ኤርጎጌ ገበታ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ።

«እሰማለሁ» አለ። «ሰሎሜ ሴት ናት ያልከውንም ሰምቻለሁ።»

ካሳነሽ ወደ ልጇ ዞረች። «ፅናት፣ ለላትሪስ ደውዪላት። ቅዳሜ ቤቱ ዝግ ነው፤ እኔም አብሬ እመጣለሁ በያት። የማልገባበት አዳራሽ እንደሆነ ደጅ እቆማለሁ።»

ፅናት ሽርጧን እየፈታች ስልኳ ወዳለበት ሮጠች፤ ስትሮጥ ራሷን ጉበኑ ላይ ገጨችና «አይ!» አለች፣ ግን አልቆመችም።

ካሳነሽ ትሪውን ወጥ ቤት አግብታ አስቀመጠችና ብቅ አለች።

«አስካለች! ውሃና ሳሙና አምጪ። ጋሼዎች በልተው ጨርሰዋል።»

«አንድ ጉርሻ እኮ ነው የጎረስነው» አለ የቶኮዛው ሰው፣ ለራሱ ይመስል።

አስካለች ማንቆርቆሪያውን አምጥታ መሀል ላይ ቆመች። መቅረብ ስለፈራች ካሳነሽ ተቀበለቻት። ሌላው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ያያል። ማንም አልሳቀም። ኤርጎጌ በመረቅ የተነካካ እጁን ትንሽ አየው፤ ከዚያ ዘረጋላት። አፈሰሰችለት። በደንብ አጥቦ፣ አመስግኗት ተነሳ።

ከዚያ ወደ አቢሶ ዞረችና ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አድርጋ ቆመች።

«ይታጠቡ ጋሼ» አለችው።